ጋዜጣና የቪዲዮ ጨዋታ በአንድ የትምህርት ክፍል

በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ ምእመናን ልጆቻቸው 13 ወይም 14 ዓመት ሲሞላቸው ከትምህርት ቤት አንድ የምርጫ ቅጽ ይደርሳቸዋል። ልጁ በ16 ዓመቱ ለሚቀመጥበት ጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. ለተባለው ፈተና፣ ከግዴታዎቹ ትምህርቶች ሌላ በፍላጎቱ የሚመርጣቸው ትምህርቶች የተዘረዘሩበት ቅጽ ነው። ከታሪክ፣ ከጂኦግራፊና ከሥዕል ጎን በብዙ ትምህርት ቤቶች «የመገናኛ ብዙኃን ጥናት» የሚል ይገኝበታል። ወላጅ ምንነቱን ሲጠይቅ ልጁ በአጭሩ «ጋዜጣና የቪዲዮ ጨዋታ እናጠናለን» ብሎ ይመልሳል። ጋዜጣው ባልከፋ ነበር፤ ከልጁ እጅ ሊያስጥሉት ማታ ማታ የሚታገሉትን ጨዋታ ትምህርት ቤቱ ራሱ የመማሪያ መጽሐፍ አደረገው ሲባል ግን ወላጅ ይደነግጣል። ከዚያም ነገሩ ወደ ንስሐ አባት ወይም ወደ ሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ይደርሳል።

በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ምክር የልጁን የሁለት ዓመት ትምህርት የሚነካ ነው። ከዚያም በላይ ልጁ በወላጁና በካህኑ አስተዋይነት ላይ ያለውን እምነት ይነካል። ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ የከለከለ አባት፣ ኋላ በእውነት የሚያሰጋ ነገር ሲመጣ የሚሰማው ያጣል። ስለሆነም ትምህርቱ በእርግጥ ምን እንደሚያስተምር በዚህ ጽሑፍ ልናብራራ ወደድን።

በክፍሉ ውስጥ ጨዋታ መጫወት የትምህርቱ ዓላማ አይደለም። ፈተናውን የሚያዘጋጁት ተቋማት የሚጠኑትን ሥራዎች በስም ለይተው ያስታውቃሉ። በቅርብ ዓመታት ኤድዩካስ የተባለው ተቋም ለ16 ዓመቱ ፈተና ዘ ሰን የተባለውን ጋዜጣና ፎርትናይት የተባለውን ጨዋታ መድቧል። ኦ.ሲ.አር. የተባለው ደግሞ በ18 ዓመት ለሚፈጸመው ኤ ሌቭል ዘ ጋርዲያንንና ዴይሊ ሜይልን ከማይንክራፍት ጨዋታ ጋር አድርጓል። ምርጫው በየጊዜው ስለሚለወጥ የየዓመቱን ዝርዝር ከትምህርት ቤቱ መጠየቅ ይገባል። ሥራው ቢለወጥም ጥያቄዎቹ አይለወጡም፤ በምን ቃልና በምን ምስል ተሠራ? ሰዎችን እንዴት አድርጎ ያሳያል? ማን ሠራው፣ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ለማን ተሠራ፣ ተቀባዩስ እንዴት ይረዳዋል? ከጠቅላላው ውጤት ከመቶ 70 እጁ በጽሑፍ ፈተና፣ 30ው ደግሞ ተማሪው በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት ራሱ አዘጋጅቶ በሚያቀርበው ሥራ ይገኛል።

የጋዜጣው ትምህርት ለማስረዳት ቀላል ነው። መምህሩ በአንድ ቀን ጧት የወጡ ሁለት ጋዜጦችን የፊት ገጽ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። አገሩ አንድ ነው፣ ቀኑም አንድ ነው፤ ነገር ግን አንዱ በትልቅ ፊደል ያወጣውን ሌላው በውስጥ ገጽ ጥግ አስቀምጦታል፤ ወይም ስለ አንድ ስደተኛ አንዱ ፊቱ የሚታይበትን ፎቶግራፍ ሲያትም፣ ሌላው ከሩቅ የተነሣ የሕዝብ ብዛት አትሟል። ተማሪው «የትኛው ዋሸ?» ብሎ እንዲጀምር አይፈቀድለትም። መጀመሪያ ባለቤቱን ይፈልጋል። በ1821 እ.ኤ.አ. በማንችስተር የተመሠረተው ዘ ጋርዲያን ከ1936 ጀምሮ ስኮት ትረስት በተባለ አደራ ሥር ያለ ሲሆን፣ በድረ ገጹ አንባቢዎቹን መዋጮ ይለምናል። በ1896 የተመሠረተው ዴይሊ ሜይል የመሥራቾቹ ቤተ ሰብ ርስት ሆኖ ቆይቷል። ዘ ሰን ከ1969 ጀምሮ በሩፐርት መርዶክ ኩባንያ እጅ ነው። ይህን የሚያውቅ ተማሪ የጋዜጣውን ሁሉ ነገር ሐሰት ነው አይልም፤ ከምን ወገን እንደሚሰማ ግን ያውቃል። ለ168 ዓመታት ሲታተም የነበረው ኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድ የሰዎችን የስልክ መልእክት ሰብሮ በመስማቱ ምክንያት በሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ፣ ጋዜጦችን ማን ይቆጣጠር የሚለው ጥያቄ በአገሪቱ በእጅጉ ተነሥቶ ነበር፤ ክርክሩ ዛሬም ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ነው።

ወላጆችን የሚያስጨንቀው ግን ጨዋታው ነውና በእርሱ ላይ ጥቂት እንቆይ።

ማይንክራፍት በስዊድን አገር በስቶክሆልም ተሠርቶ በ2009 እ.ኤ.አ. ገና ሳያልቅ ለሕዝብ ቀረበ፤ ሙሉው በ2011 ወጣ። ልጆች በምስል ኩቦች ቤትና ከተማ የሚሠሩበት ነው። በ2014 ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2023 የተሸጠው ቅጂ ከ300 ሚሊዮን ማለፉ ተነገረ። በፈተናው የሚጠየቀው ኩቡ እንዴት እንደሚደረደር አይደለም። የሚጠየቀው አንድ ሰው የጀመረው ሥራ እንዴት የታላቅ ኩባንያ ንብረት እንደሆነ፣ ተጫዋቾች ራሳቸው በነጻ የሚሠሩት ነገር ለኩባንያው ምን ጥቅም እንደሚያመጣ፣ መጻሕፍቱና አሻንጉሊቶቹ ለምን ከጨዋታው ጋር እንደሚሸጡ ነው። የንግድ ትምህርት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ፎርትናይት ከዚህ ይልቅ ያስተምራል። ጨዋታው በነጻ ይገኛል። ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ተጫዋቹ የሚለብሰው ልብስና የሚጨፍረው ጭፈራ ይሸጣል። ዋጋው በፓውንድ ሳይሆን ቪ-ባክስ በተባለ የጨዋታው ገንዘብ ይጻፋል፤ ልጁ ስንት እንዳወጣ ለማወቅ መመንዘር አለበት፤ ደግሞም የማይመነዝር ይበዛል። በታኅሣሥ ወር 2022 እ.ኤ.አ. የጨዋታው ባለቤት ኤፒክ ጌምስ በአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ክስ ቀርቦበት በድምሩ 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። 275 ሚሊዮኑ ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ በመሰብሰቡ ምክንያት የተጣለ ቅጣት ነው፤ 245 ሚሊዮኑ ለተጫዋቾች የሚመለስ ነው። ኮሚሽኑ እንዳስረዳው ቁልፎቹ የተቀመጡበት አኳኋን ተጫዋቹ ዕቃውን ለማየት ብቻ ሲፈልግ ሳያስበው እንዲገዛ የሚያደርግ ነበር። ወላጅ «ልጄ ሳይነግረኝ ከባንክ ካርዴ ገንዘብ አወጣ» ብሎ ሲቆጣ፣ ጥፋቱ የልጁ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል። ከማንም በፊት ልጁ ራሱ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ ትምህርቱም የሚያሳውቀው ይህንኑ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። በአንዳንድ ጨዋታዎች ልጁ ውስጡ የማይታወቅ ሣጥን ወይም የታሸገ ካርድ በገንዘብ ይገዛል፤ የፈለገው ቢወጣለት መልካም፣ ባይወጣለት ደግሞ ይገዛል። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ በ2018 እ.ኤ.አ. በአንዳንድ ጨዋታዎች ውስጥ ያለው እንዲህ ያለ ሽያጭ የአገሩን የቁማር ሕግ የሚጥስ ነው ብሎ ወስኗል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው፣ በጨዋታው ሽፋን ላይ የሚታተመው ቁጥር ይህን ሁልጊዜ እንደማይለካ ነው። በእንግሊዝ አገር የሚሠራበት ፔጊ የተባለው የአውሮፓ መመዘኛ 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 የሚሉ የዕድሜ ምልክቶች አሉት። ፊፋ 23 የተባለው የእግር ኳስ ጨዋታ የታሸጉ የተጫዋቾች ካርዶች እየሸጠ የተሰጠው ምልክት 3 ነበር፤ ዕጣ መሰል ሽያጭ እንዳለበት የሚገልጸው ማስታወቂያ ከቁጥሩ ጎን በትንሹ ተጽፏል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ የገዛ ወላጅ አይፈረድበትም።

ትምህርቱ የንድፈ ሐሳብ ክፍልም አለው። ተማሪዎቹ ከሚያጠኗቸው ሊቃውንት አንዱ በጃማይካ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር ያስተማረው ስቱዋርት ሆል ነው። እርሱ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳስተማረው፣ አንድን ዜና የሚቀበል ሰው አዘጋጁ እንደፈለገው ሊቀበለው፣ ከፊሉን ተቀብሎ ከፊሉን ሊያርመው፣ ወይም ፈጽሞ ተቃራኒ አድርጎ ሊረዳው ይችላል። በትርጓሜ ቤት ያለፉ ካህናት አባቶቻችን ይህ እንግዳ አይሆንባቸውም። መምህሩ መጽሐፉን ሲከፍት ጸሐፊው ማን እንደሆነ፣ ለማን፣ ስለምን ምክንያት እንደጻፈ አስቀድሞ ያስረዳል፤ ከዚያም «አንድም» እያለ ፍቺውን ያወርዳል። ልዩነቱ ግን ሊዘነጋ አይገባም። በአንድምታ ትርጓሜዎቹ ሁሉ ከአንድ እምነት ይወጣሉ፤ በመገናኛ ብዙኃን ጥናት ግን የጽሑፉ ባለቤት ራሱ ይመረመራል፣ ይጠረጠራልም። ጋዜጣና ጨዋታ በዚህ መንገድ ቢጠኑ ተገቢ ነው እንላለን፤ ሁለቱም ሸቀጥ ናቸውና።

ትምህርቱን ያለ ነቀፋ አናልፈውም። ቀላል ነው የሚለው ስም ለረጅም ዘመን ተለጥፎበት ኖሯል፤ ስሙ ከሥራው የከፋ ይመስለናል። ቢሆንም ሕክምና ወይም ምህንድስና ለመማር የሚያስብ ልጅ በኤ ሌቭል ኬሚስትሪን ወይም ሒሳብን ትቶ ይህን ቢይዝ በሩ ይዘጋበታል፤ ይህ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ሁለተኛም ስለ ጨዋታ ማጥናት ከጨዋታ ብዛት አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ፣ ጨዋታን መቆጣጠር አለመቻልን በሕመምነት አስፍሮታል። እንቅልፉን፣ ትምህርቱንና ወዳጆቹን ለጨዋታ የተወ ልጅ ካለ ለካህን ብቻ ሳይሆን ለሐኪምም መታየት አለበት።

በአገር ቤት ያሉ ሰበካ ጉባኤያት ይህ የውጭ አገር ጉዳይ ነው እንዳይሉ እንለምናለን። በየሰፈሩ በጨዋታ እየተከፈለ የሚገባባቸው ፕሌይስቴሽን ቤቶች አሉ፤ በብዙ ከተሞች የስፖርት ውርርድ ቤቶችም ከእነርሱ አይርቁም። ልጁ በአንደኛው ቤት የእግር ኳስ ቡድን ስም ይለምዳል፣ በሁለተኛው በዚያው ስም ገንዘብ ያስይዛል። ከስብከት ጋር «ገንዘቡ ከየት ወዴት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ ወጣቶች ራሳቸው የሚመልሱትን ጥያቄ መስጠት ነው፤ መልሱንም ከእኛ አብልጠው ያውቁታል።

በእንግሊዝ አገር ላሉት አጥቢያዎች የምናሳስበው ይህን ነው። የምርጫው ቅጽ ከመመለሱ በፊት ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚያዘጋጁት ምሽት አለ፤ ቋንቋው የሚከብዳቸው ወላጆች ብዙ ጊዜ ይቀሩበታል። ሰበካ ጉባኤው ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች አንድ አስተርጓሚ መርጦ አብሮ ቢልክ ወጪ የለውም። ወላጁ የትኛው ጋዜጣና የትኛው ጨዋታ እንደተመደበ፣ የጨዋታው የዕድሜ ምልክት ከልጁ ዕድሜ ጋር ይስማማ እንደሆነ፣ ልጁ ጨዋታውን በቤት መግዛት ይኖርበት እንደሆነ ይጠይቅ። መምህሩ ለዚህ ሁሉ መልስ አለው። በአገር ቤት ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሽ ሁለት ጋዜጦችን ጠረጴዛ ላይ ማድረግ ይበቃል። ጋዜጣ ያልተገኘ እንደሆነም በዚህ መጽሔት የፊት ገጽ መጀመር ይቻላል፤ ፎቶግራፉን ማን መረጠው፣ የኅትመቱን ዋጋ ማን ከፈለ፣ ያልታየውስ ማን ነው ብለው ልጆቹ ይጠይቁን።