ሰው ያልሆነው ማን ነው? አንድ ስም ያላቸው ሁለት አስፈሪ ፊልሞች

ልጆቻችሁ ማታ መብራት አጥፍተው አስፈሪ ፊልም ሲያዩ «ይሄ ደግሞ ምን ይጠቅማችኋል?» ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ እውነታችሁን ነው። አንዱን ግን ከትልልቆቹ ልጆች ጋር አብራችሁ ብታዩት አይቆጫችሁም። ስሙ «ዘ ቲንግ» ይባላል፤ «ነገሩ» እንደ ማለት ነው። በዚሁ ስም የሚጠሩ ሁለት ፊልሞች ስላሉ ግን አትሳሳቱ። አንዱ ጆን ካርፔንተር ያዘጋጀው፣ በ1982 የወጣው ነው። ሌላው በ2011 የወጣ ሲሆን ከመጀመሪያው ታሪክ በፊት የሆነውን ይተርካል።

በ1982ቱ ፊልም 12 አሜሪካውያን በአንታርክቲካ በረዶ መሐል ባለ የምርምር ጣቢያ ይኖራሉ። አንድ ቀን ኖርዌያውያን በሄሊኮፕተር ሆነው አንድ ውሻ እየተኮሱበት ሲያሳድዱ ይመጣሉ። አሜሪካውያኑ ለውሻው አዝነው ያስገቡታል። ውሻው ግን ውሻ አይደለም፤ የያዘውን ፍጡር መልክና ድምፅ የሚወስድ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ አውሬ ነው። ከዚያ በኋላ አብሮ የሚበላው ጓደኛ ሰው ይሁን አይሁን ማንም አያውቅም።

የ2011ዱ ፊልም ደግሞ ቀደም ብሎ በኖርዌያውያኑ ጣቢያ የደረሰውን ያሳያል። በመጀመሪያው ፊልም ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የታየው መጥረቢያ ማን እንደተወው፣ ሁለት ፊት ያለው የተቃጠለ ሬሳ ከየት እንደመጣ አንድ በአንድ ይነግረናል። ሥራው ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። ጉድለቱም እዚሁ ላይ ነው፤ ያን ሁሉ በመጀመሪያው ፊልም የምንገምተው እኛው ነበርን፤ ፍርሃቱም ከግምቱ ይመጣ ነበር። አውሬውም በ1982 በእጅ የተሠራ ነበር፤ ሮብ ቦቲን የተባለ በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የነበረ ወጣት ነው የሠራው። በ2011ም በእጅ ተሠርቶ ነበር፤ አብዛኛውን ግን በኮምፒውተር ሥዕል ሸፈኑት።

ትልቁ ልዩነት ሰውን ከአውሬ በሚለዩበት መንገድ ላይ ይታያል። በ2011ዱ ኬት የምትባል ተመራማሪ አውሬው ብረት መቅዳት እንደማይችል ትደርስበታለች። ስለዚህ የሁሉንም አፍ በመብራት ታያለች፤ ጥርሱን ያስሞላ ሰው ነው። ብልህ ዘዴ ነው። ግን ጥርሱ ጤነኛ የሆነውስ? ጥፋት ሳይኖርበት ተጠርጣሪ ሆኖ ይቀራል።

በ1982ቱ ማክሬዲ የተባለው አብራሪ ከሁሉም ደም ያስወስዳል፤ የራሱንም ጭምር። እያንዳንዱን ደም በጋለ ሽቦ ይነካል፤ የአውሬው ደም ከሆነ ከሽቦው ይሸሻል። ከዚያ በፊት ግን ክላርክ የሚባለውን የውሾች ጠባቂ በስለት ሲመጣበት በጥይት ገድሎታል። ክላርክ ከውሻው ጋር ብዙ ስለቆየ ሁሉም ይጠረጥሩት ነበር። ደሙ ሲፈተን ንጹሕ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ይሄ ነገር ለእናንተ እንግዳ አይደለም። በጎንደር አካባቢ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» የሚል ጎረቤት ነበር። ማረሻውን ከእኛ ያሠራል፣ ማሰሮውን ከእኛ ይገዛል፤ ልጁ ሲታመም ግን ጣቱን ወደ እኛ ይቀስራል። ሰው መሆናችንን በምን እናስመስክር? እዚህ የተወለዱት ልጆች ይህን ታሪክ ብዙዎቹ በቅጡ አልሰሙትም። ፊልሙ ለወሬው ጥሩ መነሻ ይሆናችኋል።

ለማየት ካሰባችሁ የ1982ቱን አስቀድሙ። የ2011ዱ የሚያልቀው ያኛው በሚጀምርበት ቦታ፣ በውሻውና በሄሊኮፕተሩ ላይ ስለሆነ፣ እሱን ካስቀደማችሁ የውሻው ምስጢር አስቀድሞ ይገለጥባችኋል። ሁለቱም ደምና የሚዘገንን ነገር አለባቸው፤ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ አይገባባቸውም። ትንንሾቹን አስተኟቸው። ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አጥፉና ትልልቆቹን አንድ ነገር ጠይቋቸው፦ «ክላርክን ለሞት ያበቃው አውሬው ነው ወይስ ጥርጣሬው?» መልሳቸውን ከሰማችሁ በኋላ የጅቡን ወሬ ንገሯቸው።