በዳላስ ከተማ የነበረው ባለ 198 መቀመጫ ትያትር ቤት

ይህ ጋዜጣ ዘወትር የሚጽፈው ስለ ዕቃ ዋጋ፣ ስለ ጉምሩክ ሥርዓትና ስለ ባንክ ብድር ስለ ሆነ፣ ዛሬ ስለ ትያትር ቤት ስናነሣ ከመንገዳችን የወጣን የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ትያትር ቤትም እንደ ማንኛውም የንግድ ቤት ኪራይና ደመወዝ ይከፍላል፤ ሳይሸጥ ያደረ መቀመጫም ሳይሸጥ እንደ ዋለ አትክልት በማግሥቱ ዋጋ የለውም። ከዚህ በታች የምንተርከው ታሪክ ለነጋዴ ጆሮ እንግዳ እንደማይሆን እናምናለን።

ነገሩ የሆነው በአሜሪካን አገር፣ በቴክሳስ ግዛት፣ በዳላስ ከተማ ነው፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና ወዲያው ከጦርነቱ በኋላ በዚያ አገር የትያትር ንግድ ማለት ኒውዮርክ፣ ከኒውዮርክም ብሮድዌይ የተባለው መንገድ ነበር። ደራሲ አዲስ ተውኔት ሲጽፍ ይዞ የሚሄደው ወደዚያው ነው። ገንዘብ የሚያወጡት ባለ ሀብቶች ከተቀበሉት መድረክ ላይ ይወጣል፤ ካልተቀበሉት በመሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የሌሎቹ ከተሞች ሕዝብ በብሮድዌይ የተወደደውን ተውኔት የሚያየው በአብዛኛው ዘግይቶ፣ ያውም ተዘዋዋሪ ቡድን ሲያመጣለት ነበር። በእኛ አነጋገር፣ ያ ሰፊ አገር ከአንድ ጅምላ ሻጭ ብቻ የሚገዛ ቸርቻሪ ሆኖ ይኖር ነበር ማለት ነው።

ይህን ልማድ ለመለወጥ ከተነሡት ሰዎች መካከል ወይዘሪት ማርጎ ጆንስ አንዷ ናቸው። የቴክሳስ ተወላጅ ሲሆኑ፣ በመጀመሪያ በሂውስተን ከተማ በትርፍ ጊዜያቸው የሚጫወቱ ሰዎችን ሰብስበው ትያትር ያሳዩ ነበር። በ1944 የሮክፌለር ድርጅት ለሥራቸው ገንዘብ ሰጣቸው። በ1945 ደግሞ «ዘ ግላስ ሜናጀሪ» የተባለውን የቴኔሲ ዊልያምስን ድርሰት በብሮድዌይ ካዘጋጁት ሁለት ሰዎች አንዷ ሆኑ። ኒውዮርክ ገብቶ ስም ያገኘ ሰው እዚያው መቅረቱ የተለመደ ነው። እሳቸው ግን ወደ ዳላስ ተመለሱ። ሐሳባቸው በየከተማው ደመወዝ የሚከፈላቸው ነዋሪ ተዋንያን ያሉት፣ ትርፍ የማያከፋፍል ትያትር ቤት እንዲቋቋም ነበር። ከዳላስ ባለ ሀብቶችም በሐሳቡ የሚያምኑ አልጠፉም፤ በኋላ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለውን ኩባንያ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ የሆኑት ዩጂን ማክደርሞት በገንዘብ ደግፈዋቸዋል።

ቤቱን ያገኙት ፌር ፓርክ በተባለው የኤግዚቢሽን ቦታ ነው። ማግኖልያ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ በ1936 ለቴክሳስ መቶኛ ዓመት በዓል የእንግዶች ማረፊያ ይሆን ዘንድ ያሠራው ሕንፃ ነበር። በውስጡ 198 መቀመጫዎች ተደረደሩ፤ መድረኩም በአንድ ወገን ሳይሆን በመካከል ሆነ፤ ተመልካቾች በዙሪያው ተቀመጡ። ብዙ ሰው ይህን አቀማመጥ የጥበብ ፈሊጥ ብቻ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ እኛ ግን ከሒሳብ ወገን ማየት እንወዳለን። ተመልካች በአራቱም ማዕዘን ከተቀመጠ መጋረጃ የለም፤ ቤትና መንገድ መስሎ የሚሣል ትልቅ ሸራም፣ ሸራውን የሚያቆም አናጢም፣ የሚከማችበትም መጋዘን አያስፈልግም። ጥቂት የቤት ዕቃ፣ ልብስና የኤሌክትሪክ መብራት ይበቃል። በእርግጥ 198 መቀመጫ ሁሉ ቢሸጥ እንኳ ገቢው ከተወሰነ ልክ አያልፍም። ነገር ግን ወጪው ዝቅተኛ በመሆኑ አንድ አዲስ ድርሰት ባይወደድ ቤቱን ይዞት አይወድቅም። በብሮድዌይ ግን አንድ ውድቀት የባለ ገንዘቡን ኪስ ባዶ ሊያደርግ ይችል ነበር።

ትያትር ቤቱ የተከፈተው በሰኔ 3 ቀን 1947 ነው። ስሙም «ትያትር 47» ተባለ፤ ዓመቱ ሲለወጥ ስሙም አብሮ እየተለወጠ 48፣ 49 ይባል ነበር። ይህ ነገር ጨዋታ ቢመስልም ቤቱ የዘመኑን ሥራ የሚያሳይ ለመሆኑ በየዓመቱ የሚታደስ ማስታወቂያ ነበር። የቤቱ ደንብ ወይ አዲስ ድርሰት፣ ወይ ዘመን ያስቆጠረ የታወቀ ሥራ ማሳየት ነው፤ ብሮድዌይ ትናንት ያሳየውን መድገም አልተወደደም። የመክፈቻው ተውኔት ገና ስም ያላገኘው የዊልያም ኢንጅ ሥራ ነበር፤ ይህ ደራሲ በ1953 የፑሊትዘርን ሽልማት አግኝቷል። በዚያው በጋ የቴኔሲ ዊልያምስ «በጋና ጢስ» ለመጀመሪያ ጊዜ ታየና ተመልካቹ ወደደው።

እዚህ ላይ ለነጋዴ የሚገርም ነገር አለ። ወይዘሪት ጆንስ ያንኑ ተውኔት በ1948 ወደ ብሮድዌይ ወስደው ራሳቸው አዘጋጅተው ቢያሳዩት፣ ከ102 ጊዜ በኋላ ተዘጋ። በ1952 ግን በዚያው በኒውዮርክ፣ ከብሮድዌይ ውጭ በሆነ ትንሽ ቤት፣ ተመልካቹ ለተዋንያኑ ቀርቦ ሲቀመጥ፣ እጅግ ተወደደ። ዕቃው ያው ነው፤ የተለወጠው ሱቁ ነው። ስለዚህ የ1948ቱን ውድቀት በደራሲው ላይ የጫኑት ሰዎች የተቻኮሉ ይመስለናል።

የዳላሱ ቤት ትልቁ ድፍረት የታየው በጥር ወር 1955 ነው። ጀሮም ላውረንስና ሮበርት ሊ የተባሉ ደራስያን «ነፋስን መውረስ» የሚል ተውኔት ጽፈው ነበር፤ ስሙ ከመጽሐፈ ምሳሌ የተወሰደ ነው። ነገሩ የተመሠረተው በ1925 በቴኔሲ ግዛት በአንድ መምህር ላይ በተደረገው ፍርድ ሲሆን፣ መምህሩ የተከሰሰው የዳርዊንን ትምህርት አስተምረሃል ተብሎ ነው። በብሮድዌይ ስምንት ባለ ገንዘቦች ድርሰቱን አይተው አንቀበልም አሉ። ሃይማኖት በጠበቀበት በቴክሳስ እንዲህ ያለውን ተውኔት ማሳየት ደንበኛን ማስቀየም ሊሆን እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ሕዝቡ ቢቀየም ደግሞ ባለ 198 መቀመጫ ቤት የሚሸሽበት ሌላ ገበያ የለውም። ወይዘሪት ጆንስ ግን ተቀብለው አሳዩት። የዳላስ ሕዝብ ወደደው፤ በሚያዝያ ወር 1955 ብሮድዌይ ገብቶ 806 ጊዜ ታየ፤ በ1960ም በሲኒማ ተሠራ። ስምንት ጅምላ ነጋዴዎች የመለሱት ዕቃ በአንድ ትንሽ የአውራጃ ሱቅ ገዢውን አገኘ።

ወይዘሪት ጆንስ ግን የዚህን ፍሬ ብዙ አላዩም። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር፣ ምንጣፋቸው የተጠረገበት ካርቦን ቴትራክሎራይድ የተባለው ፈሳሽ በትነቱ መርዟቸው በ43 ዓመታቸው ሞቱ። ይህ ፈሳሽ በዚያን ጊዜ በየሱቁ የሚሸጥ የእድፍ ማስለቀቂያ ነበር፤ በአሜሪካ ለቤት አገልግሎት እንዳይሸጥ የተከለከለው በ1970 ነው። የጽዳት ኬሚካል ለሚያስመጡና ለሚሸጡ አንባቢዎቻችን ጉዳዩ ከትያትር በላይ ሳይቀርባቸው አይቀርም።

በዳላስ በነበሩበት ጊዜ 85 ተውኔቶችን አሳይተዋል፤ ከነዚህም 57ቱ አዲስ ነበሩ። ቤቱ በስማቸው ተሰይሞ ጥቂት ዓመታት ከቆየ በኋላ በ1959 ተዘጋ። ድርሰት የሚመርጡት፣ ገንዘብ የሚለምኑት፣ ተዋንያን የሚቀጥሩትም እሳቸው ስለ ነበሩ፣ እሳቸው ሲሞቱ የቤቱ ደንበኛም ደጋፊም ስሜቱ ቀዘቀዘ። ከብሮድዌይ ጋር ተፎካክሮ ያልተሸነፈው ቤት የተሸነፈው ተተኪ ባለማዘጋጀቱ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

የፌር ፓርኩ ሕንፃ ዛሬም ቆሞአል፤ በውስጡም በስማቸው የሚጠራ መድረክ አለ። የዳላሱ ቤት በተከፈተበት በዚያው በ1947 ደግሞ፣ ቀድሞ በሂውስተን ከወይዘሪት ጆንስ ጋር ይሠሩ የነበሩት ኒና ቫንስ፣ ሂውስተን የራሷ ትያትር እንዲኖራት የሚፈልግ ሰው ለስብሰባ እንዲመጣ 214 የፖስታ ካርዶች ጻፉ። ካርዱ አንድ ሳንቲም ስለ ነበረ ጠቅላላ ወጪያቸው ሁለት ዶላር ከ14 ሳንቲም ሆነ። ከዚያ ስብሰባ የተወለደው አሊ የተባለው ትያትር ቤት እስካሁን ድረስ ትኬት ይሸጣል።