የሽጉጥ ካዝና በራሱ ይውደቅ ወይስ በእጅ ይሳብ?

ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ሁሉ ሽጉጡን ያውቀዋል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚያውቀው ቃታውንና አፈሙዙን ነው፤ በእጀታው ውስጥ ተሸሽጎ ጥይት ስለሚቀልበው ስለ ካዝናው ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። በመሣሪያ ዐዋቂዎች ዘንድ ብዙ ዘመን ሲያከራክር የኖረ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የካዝናው መልቀቂያ ቁልፍ በተጫነ ጊዜ ካዝናው በገዛ ክብደቱ ተንሸራቶ ይውደቅ ወይስ ጥቂት ወረድ ብሎ ይቁምና ባለቤቱ በእጁ ስቦ ያውጣው የሚል ነው።

አንባብያን «ይህ የወታደር ነገር በቤተሰብ ገጽ ላይ ምን አመጣው?» ይሉን ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ሽጉጥ በሕግ ተፈቅዶለት በቤቱ የሚያስቀምጥ አባት ባለበት ሁሉ፣ የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ከወታደሩ ይልቅ ለእናትና ለልጆች ደኅንነት ይጠቅማል።

ነገሩን በጎረቤታችን በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ ምሳሌ እንመልከተው። በዚያ አገር ሲቪል ሰው ሽጉጥ መያዝ የሚችለው በጦር መሣሪያ ሕጉ፣ ማለት በምዕራፍ 114፣ መሠረት ከፈቃድ ሰጪው ቦርድ ፈቃድ ሲያገኝ ነው። በኬንያ ጋዜጦች ስለ ሽጉጥ በተጻፈ ቁጥር ደጋግሞ የሚነበበው ስም «ቼስካ» ሲሆን ትርጓሜውም «የቼክ» ማለት ነው። ከቼክ ሽጉጦች ስመ ጥሩው በ1975 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተነደፈው ሲ ዜድ 75 ነው። በኬንያ ፖሊሶች ወገብ ላይ የሚታየው ጄሪኮ የተባለው የእስራኤል ሽጉጥም አሠራሩን የወረሰው ከዚሁ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሲ ዜድ 75 ካዝናው በራሱ እንዲወድቅ ሆኖ አልተሠራም። ካዝናው በሚገባበት ጕድጓድ ውስጥ ጐበጥ ያለች ዝርግ ሞላ አለች፤ ቁልፉ ሲጫን ካዝናው ጥቂት ብቅ ይልና ይህች ሞላ ትይዘዋለች። ይህም የሠሪው ጉድለት ሳይሆን የአውሮፓ ጦር ሠራዊቶች የቆየ አሳብ ነው። በእነርሱ ዘንድ ካዝና ወታደሩ ፈርሞ የተረከበው ንብረት ነው፤ በጭቃና በአሸዋ ላይ ከወደቀ ይቈሽሻል፣ በድንጋይ ላይ ከወደቀም ጥይቱን የሚይዘው ከንፈሩ ይጣመማል፤ ከንፈሩ የተጣመመ ካዝና ደግሞ ጥይትን በቅጡ አያጐርስም። በአገራችን ስሙ የታወቀው ባለ 8 ጥይቱ ማካሮቭም የካዝናው መያዣ ከእጀታው ግርጌ ላይ የተደረገው በዚሁ አሳብ ነው፤ አንዱ እጅ መያዣውን ወደ ኋላ ሲገፋ ያው እጅ ካዝናውን ስቦ ያወጣል።

አሜሪካኖች ግን ሌላ መንገድ ያዙ። ጦራቸው በ1911 የተቀበለው ኮልት ሽጉጥ መልቀቂያው ከቃታው በስተኋላ ያለ ቁልፍ ነው፤ አውራ ጣት ሲጫነው ባዶው ካዝና ይወድቃል፤ በዚያው ቅጽበት ግራ እጅ ሙሉውን ይዞ ይደርሳል። የአውስትሪያው ግሎክም የመጀመሪያዎቹ ካዝናዎቹ ጥይት ሲሞሉ ጐናቸው ስለሚነፋ በራሳቸው አይወድቁም ነበር። የአሜሪካ ገዢዎች የሚወድቅ ካዝና ስለ ፈለጉ ውስጡ በሙሉ በብረት ተለብጦ ተሠራላቸው። ሲ ዜድም በኋለኞቹ ሽጉጦቹ፣ እንደ ፒ-10 ባሉት፣ የሚወድቀውን ተቀብሏል።

ፍጥነት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ናይሮቢ በመራራ ቀን አይታዋለች። መስከረም 11 ቀን 2006 ዓ.ም. ቅዳሜ ቀትር ላይ የአልሸባብ ታጣቂዎች ዌስትጌት የተባለውን የገበያ ሕንፃ ወርረው 67 ሰዎች ገደሉ። ጦር ሠራዊቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ውስጥ ከዘለቁት መካከል ተራ ልብስ የለበሱ ፖሊሶችና የሽጉጥ ፈቃድ ያላቸው ሲቪሎች ነበሩ። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር የዩሱፍ ሐጂ ልጅ ዐብዱል ሐጂ ወንድሙ በሕንፃው ውስጥ መሆኑን ሰምቶ ሽጉጡን ይዞ ገባ፤ ከሌሎችም ጋር ሆኖ የተከበቡትን፣ እናቶችንና ሕፃናትን፣ ወደ ውጭ አወጣ።

እንዲህ ባለ ቦታ በሽጉጥ ብቻ አውቶማቲክ ጠመንጃ ፊት የቆመ ሰው የሚታገለው ከሴኮንድ ጋር ነው። ጥይት ቢቀረቀርበት ካዝናውን ፈጥኖ ማውጣት አለበት፤ አንድ እጁ ቢቈስል ወይም ሕፃን ቢታቀፍበትማ በእጅ ካልተሳበ የማይወጣ ካዝና ፈተና ይሆንበታል። በሌላ በኩል ደግሞ ከኋላው ስንቅና ጥይት የሚያቀብለው የለም፤ ገና ጥይት ያለበትን ካዝና ሳያስብ የጣለ ሰው የቀረችውን ተስፋውን ጣለ። ቁልፉም በመኪና ቀበቶ ወይም በጠበበ ማኅደር ሳይታወቅ ቢጫን፣ በቀላሉ የሚወድቀው ካዝና ባለቤቱ ሳያውቀው ሊለየው ይችላል።

ስለዚህ በናይሮቢ አጠገብ በኪያምቡ፣ በኪሪጊቲ የተኩስ ሜዳ፣ ባለፈቃዶች የሚለማመዱት ራስን የመከላከል ውድድር ሁለቱን አሳብ አስታርቋል። በዚህ ዓይነቱ ውድድር ባዶ ካዝና መሬት ቢወድቅ ነውር የለበትም፤ ጥይት የቀረበትን ግን ተወዳዳሪው በኪሱ ወይም በቀበቶው ማኖር አለበት፤ ጥሎት ቢሄድ ይቀጣል።

አሁን ከሜዳው ወደ ቤት እንመለስ። ካዝናው ወደቀ ማለት ሽጉጡ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ሽጉጡ ተቀባብሎ ከነበረ አንዲት ጥይት ከአፈሙዙ በስተኋላ ባለው መጉረሻ ውስጥ ተቀምጣለች። ካዝናው ጠረጴዛ ላይ ተለይቶ ሲታይ ዓይን ይታለላል፤ ልብም ይዘናጋል። ሰው ባዶ ነው ባለው ሽጉጥ ወዳጁን ወይም ልጁን የሚያቈስለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። «ጠርጥር ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የተባለው ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

በ1935 የወጣው የቤልጂክ ብራውኒንግ፣ ባለ 13 ጥይቱ፣ ለዚህ አደጋ ብልሃት ነበረው። ካዝናው ከወጣ ቃታው እንዳይሠራ የሚያደርግ መቈለፊያ ተበጅቶለታል። የሚያስደንቀው ግን ይኸው መቈለፊያ ካዝናውን እየተጫነ በራሱ እንዳይወድቅ ማድረጉ ነው። ወታደሮች የተማረሩበት ዝግታ ለቤት የሚሆን ጥበቃ ዋጋ ነበረ ማለት ነው። ሲ ዜድ 75ና ግሎክ ግን ይህ መቈለፊያ የላቸውም፤ ካዝናቸው ወጥቶም በመጉረሻው ያለችውን ጥይት ይተኩሳሉ።

ስለዚህ ባለቤቱ የአወራረዱን ተራ ሊጠብቅ ይገባዋል። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፣ ጣቱን ከቃታው አርቆ፣ አስቀድሞ ካዝናውን ያውጣ፤ ቀጥሎ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስቦ የጐረሰችውን ጥይት ያስወጣ፤ በመጨረሻም መጉረሻውን በዓይኑ ይይ፣ በጣቱም ይዳስስ። ይህን ተራ አዛብቶ መጀመሪያ ብረቱን ቢስብ፣ አንዲቱን ጥይት አስወጥቶ ሌላዋን ከካዝናው ማጉረሱ ነው።

እኛም ፍርዳችንን እንስጥ። ካዝናው ባለቤቱ ሲፈልግ ሳያንገራግር ይውደቅ፤ ባልፈለገ ጊዜ ግን ከቶ አይውደቅ። ለፖሊስና ለጥበቃ ሠራተኛ የሚወድቀው ይሻላል፤ ሽጉጡን ከቤቱ ሣጥን ለማያወጣ ሰው ግን በእጅ የሚሳበው ምንም አያጐድልበትም። በአገራችንም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ ደንግጓል፤ ፈቃድ ያገኘ ሰው ግን የወረቀቱን ያህል ዕውቀቱንም ይያዝ። ሽጉጡን በአንድ ሣጥን፣ ጥይቱን በሌላ ቈልፎ፣ ቁልፉንም ልጆች ከማይደርሱበት ያኑር። ካዝናው ቢወድቅም ቢሳብም፣ መጉረሻውን ሳያይ «ባዶ ነው» የሚል ቃል ከአፉ አይውጣ።