የአምስት ደቂቃ ትንፋሽና የኩላሊት ሕመምተኛው ክኒን

በቀን አምስት ደቂቃ በአንዲት ትንሽ መሣሪያ በመተንፈስ ደም ግፊትን ማውረድ ይቻላል መባሉ ውሸት አይደለም። የሚያሳስበው ወሬው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የሚጨመርበት ነገር ነው። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ጆሮ ሲደርስ «ክኒኑን ተወውና ትንፋሽህን አሠልጥን» ሆኖ ያርፋል።

የወሬው ምንጭ ደህና ጥናት ነው። የመተንፈሻ ጡንቻን ማሠልጠን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለከባድ የመተንፈሻ አካል ሕመምተኞች ተብሎ የመጣ ዘዴ ሲሆን፣ ያኔ በቀላል ጫና በቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሠራ ነበር። በ2021 በአሜሪካ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር ዳንኤል ክሬግሄድና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት የተገላቢጦሹን ፈተኑ፦ ጫናው ይክበድ፣ ጊዜው ይጠር። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 የሆነ፣ የላይኛው ግፊታቸው 120 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ 36 ሰዎችን ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን በቀን 30 ትንፋሽ፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት ከባዱን ሠራ፤ ሌላው ያንኑ መሣሪያ ያለ ጫና ያህል ሳበ። የሠሩት ሰዎች የላይኛው ግፊት በአማካይ ከ135 ወደ 126 ወረደ። ልምምዱን ካቆሙ ከስድስት ሳምንት በኋላ እንኳ ሦስት አራተኛው ለውጥ አልጠፋም ነበር። ለአምስት ደቂቃ ሥራ ይህ ቀላል ውጤት አይደለም፤ አንዳንድ የግፊት ክኒን ከሚያወርደው ጋር ይስተካከላል።

«ብዙ ኦክስጅን ስለሚገባ ነው» የሚል ማብራሪያ ይሰማል። አይደለም። መሣሪያዋ እጀታ የምታክል ቱቦ ናት፤ በአንድ በኩል አፍ ላይ የሚገባ ላስቲክ፣ ውስጧ ደግሞ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ የሚታገል ከልካይ አላት። አፍንጫ በመቆንጠጫ ይዘጋል። ከዚያ መሳብ ነው፤ ወፍራም አቮካዶ ጁስ በቀጭን ስትሮው እንደ መሳብ ያለ ትግል አለው። ጎድን አጥንት ይከፈታል፣ አንገት ይወጠራል፣ ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ድያፍራም ወደ ታች ይጎተታል። ጫናው ሰውየው በሙሉ ኃይሉ መሳብ ከሚችለው 75 በመቶ ያህል ነው። በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የፊዮና ቤይሊ ቡድን በ2015 ባወጣው ጥናት ግፊት የወረደው ደረት ውስጥ ከፍተኛ ጫና በፈጠሩት ሰዎች ላይ ነው፤ ያለ ጫና በረጅሙ አየር ያስገቡትና ያስወጡት አልተለወጡም። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የምትሰጠዋ፣ ሦስት ኳስ ያለባት ፕላስቲክ ይህን ሥራ አትሠራም። እሷ ሳንባ እንዲነፋ ነው የተሠራችው። ቀስ ብሎ በጥልቀት መተንፈስም ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ሌላ ነገር ነው።

ትልቁ ስህተት ያለው «ለሌላው ከሠራ ለኩላሊት ሕመምተኛም ይሠራል፣ ክኒኑንም ይተካል» በሚለው ላይ ነው። በ2021ዱ ጥናት የገቡት ከግፊታቸው በስተቀር በጤናቸው ደህና የሆኑ ሰዎች ናቸው። የታመመ ኩላሊት ግፊትን የሚያስነሣው ደግሞ በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ጨውና ውሃ አላስወጣ ይላል። ሬኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይለቅና የደም ስሮችን የሚያጠብ ሰንሰለት ይቀሰቅሳል። ለአንጎል የሚልከው ምልክት ሲምፓቴቲክ ነርቮችን ሌት ተቀን እንዲወጠሩ ያደርጋል። የደም ስሮች ውስጠኛ ሽፋን ስሮቹን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ በበቂ ማምረት ይሳነዋል።

የትንፋሽ ልምምድ የሚነካው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ነው። የኮሎራዶዎቹ ተመራማሪዎች የደም ስሮችን የመስፋት ችሎታ ለክተው 45 በመቶ ያህል ተሻሽሎ አግኝተውታል፤ ከሠልጣኞቹ የተወሰደ የደም ውሃ በላብራቶሪ ሴሎች ላይ ሲፈስ እንኳ ናይትሪክ ኦክሳይድ ጨምሯል። በአሪዞና ደግሞ በእንቅልፍ ትንፋሽ የሚቋረጥባቸው አዛውንቶች የነርቭ ውጥረት ቀንሷል። ተመራማሪዎች ልምምዱን በኩላሊት ሕመምተኞች ላይም ማየት የፈለጉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ተስፋውም ባዶ አይደለም። ነገር ግን የታቆረውን ጨው ትንፋሽ አያስወጣውም።

ክኒኑም ለቁጥር ብቻ የሚዋጥ አይደለም። ኢናላፕሪልና ሎሳርታን የኩላሊት ማጣሪያዎች መውጫ ላይ ያለችውን ቀጭን የደም ስር ያሰፏታል፤ ማጣሪያው ውስጥ ያለው ጫና ይቀንሳል፣ በሽንት የሚፈስሰው ፕሮቲንም እንዲሁ። ክንድ ላይ የሚለካው ግፊት 126 ቢሆንም ማጣሪያው ውስጥ ጫናው ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ «ግፊቴ ስለወረደ» ብሎ ሎሳርታን ያቆመ ሰው ያቆመው የግፊት መድኃኒት ብቻ ሳይሆን የኩላሊቱን ጠባቂም ነው። ግፊቱ በእርግጥ ከወረደ መጠኑን መቀነስ የሐኪሙ ሥራ ነው።

የኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ ሕመምተኞች ግን ከልምምዱ ሌላ ጥቅም ያገኛሉ። የኩላሊት ሕመም ጡንቻን ያደክማል፣ የመተንፈሻውንም ጭምር። በእነሱ ላይ በተደረጉ ትንንሽ ጥናቶች የመተንፈሻ ጡንቻቸው በርትቷል፣ በስድስት ደቂቃ የሚራመዱት ርቀትም ረዝሟል። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ለሚያጥራቸው ሰዎች ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ግፊት ባይወርድ እንኳ።

«ግፊቴ ሲነሣ ይታወቀኛል፣ ራሴን ያመኛል» የሚለውስ? አብዛኛው ከፍ ያለ ግፊት ምንም አያሳውቅም። ራስ ምታቱን ለማስታገስ ከፋርማሲ የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ደግሞ ኩላሊትን የሚጎዳ፣ ግፊትንም የሚያስነሣ ነው። ልምምዱ ሠራ አልሠራ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው፤ አለካኩም ቀልድ አይደለም። እያወሩ መለካት፣ ሽንት ይዞ መለካት፣ ክንድን አንጠልጥሎ መለካት እያንዳንዳቸው የላይኛውን ቁጥር እስከ 10 ሊያስነሡት ይችላሉ፤ ይህም ልምምዱ አመጣ የተባለውን ለውጥ የሚያክል ነው። ሁለተኛ ሲኒ ቡና ላይ ሆኖ የተለካ ግፊትና ጠዋት ተቀምጠው የለኩት አይወዳደሩም። ከቡና ግማሽ ሰዓት ርቆ፣ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያጣምሩ መሬት አስነክቶ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ፣ ክንድን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ነው። ኬዲጎ የተባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሐኪሞች ቡድን በ2021 መመሪያው እጥበት ላይ ላልሆኑ የኩላሊት ሕመምተኞች ያስቀመጠው «ከ120 በታች» የሚለው ግብም በዚህ ዓይነት ለተለካ ቁጥር ነው። መመሪያው በቀን ከአምስት ግራም ያልበለጠ ጨው ይላል፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው፣ በርበሬና ሽሮ ውስጥ ያለውን ጨምሮ።

«ትንፋሽ ማንንም አይጎዳም» የሚሉም አሉ። በደረት ውስጥ አየር ገብቶ ሳንባው ተጨምቆ የነበረ፣ የጆሮ ታምቡሩ የተቀደደ፣ በቅርቡ ደረቱ ወይም ሆዱ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ወይም የደም ስር እብጠት ያለበት ሰው እንዲህ ያለውን ከባድ ጫና ያለ ሐኪም ፈቃድ መሞከር የለበትም። ሌላው ሰው ደግሞ መሣሪያዋን ከመግዛቱ በፊት የሁለት ሳምንት የጠዋትና የማታ ልኬቱን በወረቀት ጽፎ፣ የሚወስዳቸውን ክኒኖች በላስቲክ ይዞ ሐኪሙ ዘንድ ቢሄድ ጥሩ ነው፤ ካላመጣው ወረቀት ላይ ሐኪሙም ቢሆን ለውጥ ማንበብ አይችልም።