አንድ ባቡር፣ ሦስት ዓይነት ጉዞ

የልጅ ልጆችዎ ስለ ድሮ ባቡር ቢጠይቁዎት የጀርመኑን ያጫውቷቸው። በ1835 እ.ኤ.አ. ከኑረምበርግ እስከ ፉርት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሐዲድ ተዘርግቶ ሥራ ጀመረ። ፉርጎዎቹ ፈረስ ይጎትተው የነበረውን የመንገደኛ ሠረገላ ይመስሉ ነበር። ሁሉም ቢጫ ቢቀቡም ምቾታቸው እንደ ተሳፋሪው ኪስ ነበር። አንደኛ ማዕረግ የመስታወት መስኮት አለው፤ ሁለተኛው የሸራ ጣሪያና መጋረጃ፤ ሦስተኛው ግን ጣሪያም በርም አልነበረውም። ሁሉም እኩል ሰዓት ይደርሳሉ፤ አንዱ ደርቆ፣ ሌላው በዝናብ ረጥቦ።

በ1852 ፕሩሲያ አራተኛ ማዕረግ ጨመረች፤ እዚያ ብዙው ሰው ከነጓዙ ቆሞ ይጓዝ ነበር። ይህ ማዕረግ የቀረው በ1928 ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ፣ 8 ቁጥር ፉርጎ፣ ዛሬም ኑረምበርግ ሙዚየም ውስጥ ይታያል፤ እሱም የሁለተኛ ማዕረግ ነው።