ቮልስ ወደ ቆላ ስትወርድ

አሜሪካኖች «መስል ካር» የሚሏቸው፣ እንደ ፖንቲያክ ጂቲኦ ያሉ ጉልበተኛ መኪኖች በእኛ አገር ብርቅ ናቸው። አሮጌ መኪና ገዝቶ፣ ላሜራውን አስቀጥቅጦ፣ ከውስጥ ደግሞ በዘመኑ ዕቃ አጠናክሮ የመንዳት ፍቅር ግን እኛም ዘንድ አለ፤ ይህ ፍቅር ከሁሉ ይልቅ ያረፈው በቮልስ ላይ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእሷ ስለሆነ ታሪካችን ውስጥም ገብታለች። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች። እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠሩ መለዋወጫዋ ዛሬም ይገኛል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን ማደስ ከፍቅርም በላይ ሒሳብ ሆኗል።

አዲስ አበባ የታደሰች ቮልስ የምትታደሰው ለአዲስ አበባ ነው። ጎንደርን አልፋ፣ በጭልጋ ቁልቁል ወርዳ ገንዳ ውሃ፣ ከዚያም ሽንፋ ልትደርስ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ በዚያው ቆላ ያለችው መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር እንኳ አይሞላም። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲነካ፣ ራዲያተር የሌላት መኪና ምን ይውጣታል?

ቮልስ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ከኋላ በተቀመጠው ሞተር ላይ አንዲት ቺንጋ ዲናሞውንም ማራገቢያውንም ታዞራለች። ቺንጋዋ ከተበጠሰች ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። አንዳንድ ሹፌር «ባትሪ አልሞላም ማለት ነው» ብሎ ይነዳል፤ ማራገቢያውም አብሮ መቆሙን የሚያስታውሰው ሞተሩ ከነደደ በኋላ ነው። ቆላ የሚወርድ ሰው ትርፍ ቺንጋና መፍቻዋን ሳይዝ ባይነሳ ይሻለዋል።

ከዚህ የከፋ አንድ የአሠራር ጉድለት አለ። በቀደሙት ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው የተተከለው በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ፣ ነፋሱ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚወርድበት መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚደርሰው የተጋረደና በዘይቱ የሞቀ አየር ነው፤ ቫልቩ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚቃጠለውም በዚህ ምክንያት ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ወደ ውጭ አውጥቶ የራሱ የነፋስ ቦይ ሠራለት። ይህ ክፍል ከነሽፋኑ ከኋለኛው ሞተር ወጥቶ ለቀደመው ይገጠማል። ለቆላ ከሚደረጉ ማሻሻያዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ፤ ከዚያ ቀጥሎ የዘይት ሙቀት መለኪያ።

ካርቡራተሩም ሌላ ጣጣ አለው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ፣ ጥሩ መካኒክ ነዳጅ የምታሳልፈዋን ባለቀዳዳ ናስ በጠባብ ይተካታል። መኪናዋ ወደ ቆላ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ነዳጁ ግን ያው ነው። ድብልቁ ቀጠነ ማለት ነው፤ ቀጭን ድብልቅ ደግሞ ሞተር ያግላል፤ ስለዚህ ለቆላ ሰፊዋ ናስ ትመለስ። በከፍታ ላይ ቀደም ብሎ እንዲተኩስ የተደረገው ዲስትሪቢዩተርም ጥቂት ወደኋላ ካልተመለሰ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ምርመራው ቀላል ነው፦ ካንዴላውን ፈትቶ ጫፉን ማየት። ቡናማ ከሆነ ደህና፤ ጥቁርና ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ መኪናዋን አቁም።

ፍሬኑን በተመለከተ አጭር ነኝ። ታምቡር ፍሬን በረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል መያዝ ያቆማል፤ ስለዚህ ለፊት እግር ዲስክ ይግባ። በኮንታክት ፖይንት ፋንታ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የምትገባ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ መግጠምም ጥሩ ነው፤ በየጊዜው ክፍተት ማስተካከል ይቀራል። ለ12 ቮልት የተሠራውን ዕቃ ግን አሮጌዎቹ ባለ 6 ቮልት ወደ 12 ካልተለወጡ አይቀበሉም።

ቀለም ከመቀባት በፊት የኋላውን ወንበር ማንሳት ግዴታ ነው። ባትሪው የተቀመጠው እዚያ ሥር ነው፤ ለዓመታት የተንጠባጠበው አሲድ ወለሉን በልቶት ይገኛል። በስቱኮ ሸፍኖ የሚያልፍ ጋራዥ ሞልቷል፤ የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። ባትሪው ክዳን ከሌለው ደግሞ የወንበሩ ሽቦ ሰው ሲቀመጥበት ፖሉን ነክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ጉልበት የሚፈልጉም አሉ። ባለ 1600ው ሞተር ካዛው ተቦርቡሮ ሰፋፊ ሲሊንደር ሲገባለት 1,776 ሲሲ ይሆናል፤ ሁለት ካርቡራተር ሲጨመርበት በአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ ያስደስታል። ለሽንፋ ግን አልመክርም። የበዛ ጉልበት የበዛ ሙቀት ነው፤ የዚያ የሰሊጥ አገር መንገድም ፍጥነት አይጠይቅም። የሚጠይቀው መያዣ ነው፤ ይህ ደግሞ ከጥንትም አላት። የሞተሩ ክብደት በሚነዱት የኋላ ጎማዎች ላይ ስላረፈ፣ ሆዷም ለጥ ያለ ስለሆነ፣ ቀላል ጭቃ ውስጥ ብዙ አውቶሞቢል የማያልፍበትን ታልፋለች። ክረምት ላይ የሽንፋ ወንዝ ሞልቶ፣ ራሃድ ወደሚባልበት ወደ ሱዳን ሲጋልብ፣ ዋልካው ሲረጥብ ግን ትራክተር እንኳ ስለሚያዝ ቮልስን ማስገባት ጀብደኝነት ነው። በበጋ ደግሞ አቧራው አለ፤ የአየር ማጣሪያዋ ዘይት የሚያዝበት ዓይነት ከሆነ ከደጋው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ታጥቦ ዘይቱ ይቀየር።

ወደ ጎንደር የሚመለስ ሰው ያችን ጠባብ ናስ መልሶ ይግጠም፤ አለዚያ ዳገቱ ላይ ጥቁር ጭስ እየለቀቀች ነዳጅ ትጨርስበታለች። ሁለቱንም ናሶች ከመፍቻቸው ጋር በዳሽቦርዱ ኪስ ማኖር በቂ ነው።