ያውቁ ኖሯል? ፕሮግራሞች ከርነሉን ይመክራሉ

ስልክዎ ላይ ከአንዱ መተግበሪያ ወደ ሌላው ሲሻገሩ፣ ከጀርባ የቀረው መተግበሪያ የያዘው ሚሞሪ ምን ይሆናል?

የአንድሮይድ ስልኮችም የሚሠሩበት የሊነክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ሚሞሪን የሚያስተዳድረው በገጽ ከፋፍሎ ነው፤ በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች አንዱ ገጽ 4096 ባይት ነው። ቦታ ሲጠብ የትኛው ገጽ ይውጣ፣ የትኛው ይቆይ የሚለውን ከርነሉ ይወስናል። ውሳኔው ግን ያለፈውን አይቶ የሚሰጥ ግምት ነው። ቀጥሎ የሚፈለገውን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ፕሮግራሙ ራሱ ነው።

«ማድቫይዝ» የተባለው የሲስተም ጥሪ የመጣው ለዚህ ነው። ትልቅ ፋይል ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ፕሮግራም «በተርታ ነው የማነበው» ብሎ ሲያሳውቅ፣ ከርነሉ ቀጣዮቹን ገጾች ከዲስክ አስቀድሞ ያመጣል። «እዚህም እዚያም ነው የማነበው» ካለው ግን አስቀድሞ ማምጣቱን ይተዋል።

በ2019 የወጣው ሊነክስ 5.4 «ቀዝቅዟል» እና «አውጣው» የሚሉ ምክሮችን ጨመረ፤ መነሻው የአንድሮይድ ስልኮች ፍላጎት ነበር። በስልክ ላይ ማን ከፊት፣ ማን ከጀርባ እንዳለ የሚያውቀው ግን መተግበሪያው ሳይሆን የስልኩ አስተዳዳሪ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ በ2020 ሊነክስ 5.10 አንዱ ፕሮግራም ስለ ሌላው ሚሞሪ እንዲመክር በር ከፈተ። ይህ በእውነት ብልህ እርምጃ ነው።

ፕሮግራም ለሚጽፉ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ፦ «ዶንትኒድ» («አያስፈልገኝም») የሚለው ምክር በሊነክስ ላይ ምክር ብቻ አይደለም። ከፋይል ጋር ያልተያያዘ የግል ገጽ ላይ ከተሰጠ ይዘቱ ወዲያው ይጠፋል፤ ገጹ ዳግም ሲነበብ የሚገኘው ዜሮ ብቻ ነው።